«የመንፈስ ፊልም ርካሽ ነው» ለተባለው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አስፈሪ ፊልም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በሙያ ጓደኞቼ መካከል ሲዞር ሰነበተ። በአንድ ቀን ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ «አንብብና ተነሳ፣ እንሥራ» የሚል መልእክት ጨምረውበታል። አነበብኩት። ከዚያ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። መንፈስ፣ ጂኒ ወይም የተረገመ ቤት ያለበት ፊልም ለስትሪሚንግ፣ ማለትም እንደ ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ፊልም ለሚያሳዩ ድርጅቶች፣ መሥራት ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ነው ይላል። አንድ ቤትና አንድ ካሜራ ይበቃል። ወጪ ካለም የሚበላው ጭራቁ ነው። የቀረውን የስትሪሚንግ ድርጅቱ ስለሚሸፍነው ፕሮዲውሰሩ የሚሰጋበት ነገር የለም። ቲኬት ስለማይሸጥ ደግሞ ስለ በጀት የሚወራው ቁጥር ሁሉ ዝም ብሎ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ዛሬውኑ ሠርተው ለኔትፍሊክስ ይሽጡ። መጨረሻ ላይም የ8,000 ዶላር ናሙና በጀት ተቀምጧል፤ ለ90 ደቂቃ ፊልም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለፊልም ያላቸው ፍቅር ግን ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። ልጆች ደፍረው እንዲሠሩ መፈለጋቸውንም እወደዋለሁ። እኔ ለዓመታት የሠራሁት በድምፅ ክፍል ነው። ምላሼም ከዚያ ቦታ ሆኜ ያየሁት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ። ጸሐፊው ዋና ማስረጃ ያደረጉት «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን ነው። በ15,000 ዶላር ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ 193 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ቁጥሩ ልክ ነው። የጎደለው ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነገር ነው። ቤቱ ሳንዲያጎ ከተማ የሚገኘው የዳይሬክተሩ የኦረን ፔሊ የራሱ ቤት ነው። ኪራይ የለም። ታሪኩን ያሰበው፣ ያዘጋጀው፣ ኤዲት ያደረገው እሱ ራሱ ነው። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አልተጻፈም። ቀረጻው 7 ቀን ብቻ ፈጀ ሲባል ሰው የሚይዘው ሰባቱን ቀን ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ2006 ነው። በፌስቲቫል የታየው በ2007 ነው። ሕዝብ በሰፊው ሲኒማ ገብቶ ያየው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰውዬው በምን ይተዳደር ነበር? በሶፍትዌር ሙያው ነው። ያ ደመወዝ ከፊልሙ በጀት ውስጥ አልተቆጠረም። ፊልሙን ደግፎ ያቆየው ግን ያ ደመወዝ ነው።

በዚያ ላይ ፊልሙ ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት ትልቁ የሆሊውድ ስቱዲዮ ፓራማውንት ገባበት። መጨረሻው ተቀየረ። ለማስተዋወቅም ተመልካቹ «ወደ ከተማችን ይምጣልን» ብሎ በኢንተርኔት እንዲጠይቅ የሚያደርግ ሰፊ ዘመቻ ተከፈተ። 193 ሚሊዮኑን ያመጣው 15,000 ዶላሩ ብቻውን አይደለም።

ቅርብ ጊዜ የወጣውን «ስኪናማሪንክ»ንም ማንሳት ይቻላል። እሱም 15,000 ዶላር ገደማ ነው የፈጀው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከሰው ተዋጥቶ ነው። የተቀረጸው ኤድመንተን፣ ካናዳ፣ ዳይሬክተሩ ባደገበት ቤት ውስጥ ነው። በ2023 መጀመሪያ ሲኒማ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሸደር በተባለው የአስፈሪ ፊልሞች ስትሪሚንግ ላይ ወጣ። ከሲኒማ ብቻ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ደስ ይላል። ግን አሁንም ቤቱ የቤተሰብ ነው። ገንዘቡ የወዳጅና የአድናቂ ነው።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ርካሽ የሚባለው የመንፈስ ፊልም ወጪ የሌለው ፊልም አይደለም። ወጪውን ስሙ ያልተጻፈ ሰው የተሸከመው ፊልም ነው። አንዳንዴ እናት ናት፤ ሳሎኗን ለሁለት ሳምንት የለቀቀች። አንዳንዴ ተዋናዩ ነው፤ በነፃ የሠራ። አንዳንዴ የድምፅ ሠራተኛው ነው።

ለስትሪሚንግ ታስበው በድርጅት ገንዘብ የተሠሩትን ስናይ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። «በርድ ቦክስ» ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። «ስማይል» 17 ሚሊዮን። በ«ስማይል» ውስጥ አስፈሪው ነገር የሰው ፈገግታ ነው። ፊት ላይ የሚታይ ፈገግታ። ታዲያ 17 ሚሊዮኑ የት ሄደ? ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ይወስደናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጸሐፊው «ገንዘቡን የሚበላው ጭራቁ ነው» ይላሉ። የኮምፒውተር ሥዕልና ሜካፕ ውድ መሆኑን አልክድም። ግን የመንፈስ ፊልም አብዛኛው ክፍል ጭራቅ የለውም። ባዶ ኮሪደር ነው። የተዘጋ በር ነው። ገንዘብ የሚበላው ያ ባዶው ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይተን አጭር የመንፈስ ፊልም እንቀርጻለን። ትዕይንቱ ቀላል ነው። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ማንም የለም። አለቀ። ስክሪፕቱ ላይ ሦስት መስመር፣ ስክሪን ላይ 40 ሰከንድ።

እኔ ቡሙን፣ ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረውን ማይክ፣ ይዣለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ፍሪጁን ነው። ነቀልነው። ፍሪጁ ዝም ሲል ጄኔሬተሩ ተሰማኝ። ጓሮ ነበር፤ ወደ መንገዱ ይውጣ አልን። ገመዱ አጠረ። ገመድ ፍለጋ አንድ ልጅ በታክሲ ተላከ። ገመዱ ሲመጣ የጎረቤት ውሾች ጀመሩ። ውሾቹ ሲደክማቸው የቆርቆሮው ጣሪያ በብርዱ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። በመካከሉ ልጅቷ እንቅልፍ እየጣላት ነው። ሜካፕ የምትሠራዋ በየሃያ ደቂቃው ፊቷን ታድስላታለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት የጀመርነውን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያዝነው። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ የማሕሌቱ ድምፅ ማጉያ ይከፈት ነበር፤ ከዚያ አዛን ይከተላል፤ ሌሊቱ ያልቅብናል። 14 ሰው፣ 6 ሰዓት፣ 40 ሰከንድ። የ14 ሰው እራት፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ሁሉንም በየቤቱ የሚያደርስ የሌሊት ታክሲ።

እንደዚያም ሆኖ የበሩ ድምፅ አልሆነም። ማጠፊያው አዲስ ስለነበር ሲጢጥ አይልም። በኋላ ድምፁን ያገኘሁት ከአያቴ የእንጨት ሳጥን ክዳን ነው። ሳጥኑን ቁም ሳጥን አጠገብ አስጠጋሁት፤ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ ከላይ ጋቢ ደራርቤ፣ እኔም ጋቢው ውስጥ ገብቼ ክዳኑን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፣ ቀስ ብዬ እዘጋለሁ። 23 ጊዜ ቀዳሁት። በፍጥነት ሲከፈት የዕቃ ድምፅ ነው። በጣም ሲዘገይ ይቆራረጣል። አንድ ቦታ ላይ ግን ሰው እንደሚያቃስት ዓይነት ይወጣል። ያንን ወሰድኩ። ፊልሙ ሲታይ ከኋላ ቆሜ ተመልካቹን አየሁ። ሰው ከወንበሩ ብድግ ያለው ልጅቷን አይቶ አይደለም፤ በሩንም አይቶ አይደለም። የአያቴን ሳጥን ሰምቶ ነው።

የዚያ ፊልም ቀረጻ የሦስተኛው ሌሊት ሒሳቤ እስካሁን አልተከፈለኝም። ፕሮዲውሰሩ ሊያጭበረብረኝ ፈልጎ አይመስለኝም። በጀቱ ላይ ድምፅ የሚል መስመር ስላልነበረ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ መስመር የሌለው ሰው መጨረሻ ላይ ቀረ።

ይህ እኛ ጋ ብቻ የሚሆን አይደለም። «ኢቭል ዴድ ራይዝ» ኒውዚላንድ ውስጥ ሲቀረጽ 6,500 ሊትር ሰው ሠራሽ ደም እንደተጠቀሙ ዳይሬክተሩ ተናግሯል። ደሙን ለማብሰል ትልቅ የፋብሪካ ዓይነት ኩሽና መከራየት ነበረባቸው። ቁጥሩን ስሰማ እኔ ያሰብኩት ስለ ደሙ ዋጋ አይደለም። ደም አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ትዕይንቱ ይደገም ከተባለ ወለሉ ይታጠባል። ግድግዳው ይጠረጋል። ተዋናይዋ ገላዋን ትታጠባለች፣ ፀጉሯ ይደርቃል፣ ያው አንድ ዓይነት ልብስ ሌላ ቅጂ ይመጣላታል። በአስፈሪ ፊልም አንድ ሸሚዝ አንድ ሸሚዝ አይደለም፤ ስድስት ወይም ስምንት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የመብራት ሠራተኛው፣ ካሜራማኑ፣ ሹፌሩ ቆመው እየጠበቁ ነው። የሚከፈላቸው በሰዓት ነው።

ልጅ ካለበት ደግሞ ሌላ ነው። የመንፈስ ፊልም ያለ ልጅ ብዙም አይሆንለትም። በካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሕፃን ተዋናይ በቀን የሚሠራው ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው፤ በአብዛኛው በሥራ ቦታው አስተማሪ መኖር አለበት። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንዳሻህ ልታቆየው አትችልም። ስለዚህ ሌሊት የሚመስለው ትዕይንት የሚቀረጸው ቀን ነው። መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፤ ውጭ ፀሐይ እየበራ ቤቱ ውስጥ ሌሊት ይሠራል። ለጨርቁም ለመብራቱም ለሰዉም ይከፈላል።

«ሆስት»ን ምሳሌ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በ2020 የኮቪድ እገዳ ጊዜ ጓደኛሞች በዙም ተገናኝተው መንፈስ ሲጠሩ የሚያሳይ የ57 ደቂቃ ፊልም ነው። ከሐሳቡ እስከ ርክክቡ 12 ሳምንት ብቻ ፈጀ። ጎበዞች ናቸው። ግን መብራቱን፣ ካሜራውን፣ አንዳንዱንም የማስደንገጫ ዘዴ በየቤታቸው የሠሩት ተዋናዮቹ ራሳቸው ናቸው። አሁንም ሥራው አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ተዛወረ እንጂ።

ሙዚቃን በተመለከተ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር «ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል» ብለዋል። አይቻልም። ፈቃድ የሌለው አንድ የሙዚቃ ቁራጭ ፊልሙን በሙሉ ከሽያጭ ያስቀረዋል። ይህን ነጥብ በዚሁ ልተወው።

ሦስተኛው ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ቤቱን አስይዞ የሚበደረው እንዲህ ያለውን አንብቦ ነው። «የስትሪሚንግ ድርጅቱ ሁሉንም ይሸፍናል፣ ስጋት የለም» ይላሉ።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው ትእዛዝ ነው። ድርጅቱ ገና ከስክሪፕቱ ይገባል፣ ወጪውን ይከፍላል፣ በላዩ ላይ የተወሰነ መቶኛ ይጨምራል። የሙያው ሰዎች «ኮስት ፕላስ» ይሉታል። ጸሐፊው ያዩት ይህንን ብቻ ነው። እውነት ነው፣ ፕሮዲውሰሩ እንቅልፍ ያገኛል። በምትኩ ግን የፊልሙ መብት በሙሉ ይሄዳል። ለሁሉም አገር፣ ብዙ ጊዜም ለዘለዓለም። ፊልሙ በኋላ የዓለም መነጋገሪያ ቢሆን ያ ጭማሪ መቶኛ አያድግም። ስጋቱን ወሰዱለት፤ ትርፉንም አብረው ወሰዱት። ደግሞም ይህን ዓይነት ውል የሚያገኘው ከዚህ በፊት ሠርቶ ያስረከበ ሰው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግዢ ነው። ፊልሙ በሌላ ሰው ገንዘብ ተሠርቶ ያልቃል፤ ድርጅቱ በኋላ መጥቶ ይገዛዋል። «ሂዝ ሀውስ»ን ያየ ሰው ያስታውሳል። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው እንግሊዝ የደረሱ ባልና ሚስት፣ የተሰጣቸው ቤት ግድግዳ ውስጥ አንድ ነገር አብሯቸው መኖሩን ያውቃሉ። ስደት የቀመሰ ወገን ያለው ሁሉ ይህን ፊልም ሲያይ ከመንፈሱ በላይ የሚያስፈራው ነገር አለ። ኔትፍሊክስ ላይ ስለታየ ብዙ ሰው የኔትፍሊክስ ሥራ ይመስለዋል። ከጀርባው የነበሩት ግን የቢቢሲ የፊልም ክፍልና ኒው ሬጀንሲ የተባለው የፊልም ኩባንያ ናቸው። ኔትፍሊክስ የመጣው በጥር 2020 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ በታየበት ሰሞን ነው፤ ለሕዝብ የወጣው በጥቅምት መጨረሻ። ዳይሬክተሩ ሬሚ ዊክስ በኋላ የእንግሊዝ የፊልም አካዳሚ የባፍታን የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት ወስዷል። ፌስቲቫሉ እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡን ያወጣ፣ የተጨነቀ፣ የፈረመ ሌላ አካል ነበረ ማለት ነው።

ያ ገንዘብ እንዴት እንደሚሰባሰብ በምሳሌ ላሳይ። አንድ የ2 ሚሊዮን ዶላር የመንፈስ ፊልም አለ እንበል፤ የሚቀረጸውም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአትላንታ ነው። የጆርጂያ ግዛት እዚያ ለወጣ ወጪ እስከ 30 በመቶ የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከታክስ የሚቀነስ ገንዘብ፣ ትሰጣለች። 20ው መነሻ ነው፤ 10ሩ የግዛቷን አርማ ፊልሙ ላይ ሲያኖሩ የሚጨመር ነው። ከ2 ሚሊዮኑ 1.5 ሚሊዮኑ እዚያው ከወጣ 450,000 ዶላር ክሬዲት ይገኛል። ጥሩ ገንዘብ ነው። የሚመጣው ግን ፊልሙ ካለቀና ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ ነው። ምግብ አቅራቢው ደግሞ የሚፈልገው ዛሬ ነው። ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ ክሬዲቱን አስይዞ ይበደራል። አበዳሪው ሙሉውን አይሰጥም፤ ወለድም አለው። የቀረውን ለማሟላት ፊልሙ ሳይሠራ ለአንዳንድ አገሮች መብቱ ይሸጣል፤ ያንን ውል ይዞ ደግሞ ሌላ ብድር።

አበዳሪው በዚህ አያበቃም። «ፊልሙ ባያልቅስ?» ይላል። ፊልሙን አስጨርሳለሁ ብሎ ዋስ የሚሆን ኩባንያ ይገባል። ዋጋው ከበጀቱ 2 ወይም 3 በመቶ አካባቢ ነው። ዋሱም በተራው 10 በመቶ መጠባበቂያ ይቀመጥልኝ ይላል። ከ2 ሚሊዮኑ 200,000 ዶላር ለመጠባበቂያ፣ ሌላ 50,000 ገደማ ለዋሱ። አንድ ምስል ሳይቀረጽ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ስክሪን ላይ አይታይም። «በጀቱ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው። የጆርጂያው ክሬዲት ደግሞ በትንሹ 500,000 ዶላር እዚያ ማውጣትን ይጠይቃል። የ8,000 ዶላር ፊልም በዚህ በር አይገባም።

ከሁሉም በኋላ ርክክብ አለ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለሚያሠራቸው ፊልሞች የካሜራ ዝርዝር አለው፤ በ4ኬ፣ በከፍተኛ የምስል ጥራት፣ እንዲቀረጹም ይጠይቃል። ሌሎቹም የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። የታሪኩ መብት የማን እንደሆነ የሚያሳይ የወረቀት ሰንሰለት፣ ፊልሙ የሌላውን መብት ነክቷል ተብሎ ቢከሰስ የሚያገለግል የስህተት ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ደግሞ ንግግር የሌለበት ሙሉ የድምፅ ቅጂ። ይህ የመጨረሻው ፊልሙ በሌላ ቋንቋ ሲተረጎም የሚያገለግል ነው። ተዋናይዋ እየተራመደች ብትናገር፣ ንግግሯ ሲወጣ እርምጃዋም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እርምጃው፣ የልብሱ መንሿሿት፣ የበሩ እጀታ ሁሉ በስቱዲዮ እንደገና ይሠራል። የመንፈስ ፊልም ደግሞ ከእርምጃና ከበር የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ካልተሟላ ፊልሙ እንደተረከበ አይቆጠርም። ካልተረከቡ አይከፍሉም። ወለዱ ግን በየቀኑ ይቆጥራል።

አራተኛው ነጥብ ላይ በግማሽ እስማማለሁ። ከስትሪሚንግ የሚገኘው ገቢ የተሸፈነ ነው። ኔትፍሊክስ «በርድ ቦክስ» በመጀመሪያው ሳምንት በ45,037,125 አካውንቶች መታየቱን የነገረን ራሱ ፈልጎ ነው። ያኔ «ታየ» የሚባለው 70 በመቶው ሲታይ ነበር። ቆየት ብሎ 2 ደቂቃ ያየም ይቆጠር ተባለ። ከዚያ የታየበት ሰዓት። ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ ለፊልሙ ርዝመት ተካፍሎ። መለኪያው በየጊዜው እየተቀየረ ማነጻጸር ከባድ ነው። በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋናዮች 118 ቀን ሥራ ያቆሙት አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው። ጸሐፊዎቹ ባገኙት ውል፣ አገር ውስጥ ካሉት ደንበኞች 20 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ያየው ፊልም ጉርሻ ያስከፍላል።

ግን «ገቢው ተሸፍኗል» ማለት «ወጪው የውሸት ነው» ማለት አይደለም። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው ዘለሉ። ወጪው ደረሰኝ አለው። ታክስ የሚመልስ መንግሥት ደረሰኝ በደረሰኝ ያስመረምራል፤ አበዳሪውም ዋሱም በየሳምንቱ ሪፖርት ይቀበላሉ። በፊልም ሥራ ውስጥ ከሚመረመሩ ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚመረመረው በጀቱ ነው።

ለዚህ «ስማይል»ን የመሰለ ምሳሌ የለም። ፊልሙ የታሰበው ለፓራማውንት ፕላስ ስትሪሚንግ ነበር። ለሙከራ ለተመልካች ሲያሳዩት ሰዉ ደነገጠ፣ ወደደው። ሐሳብ ተቀየረና በመስከረም 2022 መጨረሻ ሲኒማ ገባ። በዓለም ዙሪያ 217 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሰበሰበ። «ኢቭል ዴድ ራይዝ»ም ለኤችቢኦ ማክስ ስትሪሚንግ ታስቦ ኋላ ላይ ሲኒማ ገብቶ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። «ስማይል» ስትሪሚንግ ላይ ቀርቶ ቢሆን ያው 17 ሚሊዮን ዶላር ይወጣ ነበር። 217ቱን ግን ማናችንም አናውቀውም ነበር። የሠሩት ሰዎችም አያውቁትም ነበር። ከ217ቱ ገሚሱ ገደማ ለሲኒማ ቤቶች እንደሚሄድ፣ ማስታወቂያም ትልቅ ወጪ እንደሆነ አልረሳሁም። እንደዚያም ሆኖ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

የመጨረሻው «ሠርታችሁ ለኔትፍሊክስ ሽጡ» የሚለው ነው። ኔትፍሊክስ ከማያውቀው ሰው በቀጥታ የተላከ ሥራ አይቀበልም። በወኪል ወይም ከድርጅቱ ጋር በሚሠራ ፕሮዲውሰር በኩል መምጣት አለበት። በ2023 ድርጅቱ ራሱ እንደገለጸው ከ2016 ጀምሮ አፍሪካ ላይ ያፈሰሰው 175 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 125 ሚሊዮኑ ደቡብ አፍሪካ ነው የገባው። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ደግሞ በጥር 2024 በአፍሪካ አዳዲስ ሥራ ማዘዝ ማቆሙን አሳወቀ። ናይጄሪያን የመሰለ ግዙፍ የፊልም አገር ደነገጠ። ገዢው ነገ ሊሄድ ይችላል። ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ቤት አስይዘው እንዲበደሩ አልፈልግም።

ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ዛሩ፣ ቡዳው፣ ሌሊት ስም ሲጠራ «አቤት» እንዳትል የሚባለው ነገር ሁሉ ያለን ሰዎች ነን። ታሪኩ በእጃችን ነው። «አንደር ዘ ሻዶው» ታሪኩ የ1980ዎቹ ቴህራን ነው፤ የተቀረጸው ግን አማን፣ ዮርዳኖስ ውስጥ ነው። በጥቂት ክፍሎች ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ፣ በፋርስኛ የተሠራ። በ2016 ሰንዳንስ ላይ ታየ፣ ኔትፍሊክስ ገዛው፣ እንግሊዝ ለኦስካር ወከለችው። ቋንቋው እንቅፋት አልሆነበትም።

«ስማይል»ም የተነሳው «ሎራ ሀዝንት ስሌፕት» ከተባለ የ11 ደቂቃ አጭር ፊልም ነው። ፓርከር ፊን በ2020 ያንን ሠርቶ አሳየ። 17 ሚሊዮኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ የገንዘብ ፍለጋው መንገድ ይህ ነው። አበዳሪም ገዢም 11 ደቂቃ ሙሉ ሲፈራ ይገባዋል።

ስለዚህ ጸሐፊው ያስቀመጡትን በጀት እንደገና ከፈትኩት። ካሜራ፣ መብራት፣ ሜካፕ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ኤዲቲንግ፣ ፖስተር። ሰባት መስመር ነው። ድምፅ የለም። ያንኑ 8,000 ዶላር ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሦስት ሌሊት ቀረጻና ለ11 ደቂቃ ፊልም ደለደልኩት። ለተዋናዮች 1,200። ለካሜራና መብራት ኪራይ 1,600። ለሜካፕና ለተደራራቢ ልብስ 700። ለእራት፣ ለሻይና ለሌሊት ታክሲ 900። ለውልና ለሙዚቃ ፈቃድ 400። መጠባበቂያ 800። ኤዲቲንጉን ዳይሬክተሩ ራሱ ይሥራው፤ ወጪው በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ግን በጀቱ ላይ በስሙ ይጻፍ። ከዚያ ለድምፅ ቀረጻ ሁለት ሰው፣ ሦስቱም ሌሊት የሚከፈልበት፣ 900። ለድምፅ ሥራና ማዋሃድ 1,500። ድምሩ 8,000 ይመጣል።